ፒኤስና ኤክስቦክስ ከቤት ኢንተርኔት ጋር ማገናኘት፦ እስከ 4 ሰዓት ጠይቁኝ

ዳዊት፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ቃል በገባሁት መሰረት ዛሬ ማታ እስከ 4 ሰዓት የምችለውን እመልሳለሁ። ስራዬ ኔትወርክ ገመድ መዘርጋት ነው፣ መኖሪያ ቤትም ፕሌይስቴሽን ቤትም። ስትጠይቁ ሶስት ነገር ጻፉልኝ፦ ኮንሶሉ የቱ ነው፣ በገመድ ነው በዋይፋይ፣ ኮንሶሉ ላይ የኢንተርኔት ቴስት ስታደርጉ ናት ታይፕ (ኮንሶሉ ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ምን ያህል በነጻነት እንደሚገናኝ የሚያሳየው) ስንት ይላል። የስልክ ስፒድ ቴስት እባካችሁ አትላኩ። ስልኩ ራውተሩ ስር ቁጭ ብሎ የለካው፣ ሁለት ግድግዳ አልፎ ሳሎን ስላለው ኮንሶል አይነግረኝም።

ቢኒ፦ ዴቭ ኔቴ ስሎው ነው ምን ላርግ

ዳዊት፦ ሶስቱን ነገር ጻፍልኝ።

ሜሪ፦ ወፍራሙ የድሮ ፒኤስ4፣ በዋይፋይ፣ ናት 2። ራውተራችን ሁለት ስም ያወጣል፣ አንዱ መጨረሻው ላይ 5ጂ ይላል፣ ስልኬ ያየዋል ፒኤሱ ግን ጭራሽ አያየውም። ተበላሽቶ ይሆን?

ዳዊት፦ አልተበላሸም ሜሪዬ። በ2013 የወጣው የመጀመሪያው ፒኤስ4 የሚያውቀው 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ መስመር ብቻ ነው፣ 5 ጊጋኸርዝ የመጣው በ2016 ከስሊሙና ከፕሮው ጋር ነው። ስሙ ላይ ያለው 5ጂም ከሞባይሉ ፋይቭ ጂ ጋር አይገናኝም። 2.4 ደግሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የጎረቤቱ ሁሉ ዋይፋይ የሚጋፋበት መስመር ነው። ገመድ ሳቢለት፣ የገመድ መሰኪያው ጊጋቢት ነው፣ በዛ በኩል ምንም አልጎደለውም።

የጀሞው፦ ፒኤስ5፣ በገመድ፣ ናት 2። ገመዱን ራሴ ነኝ የሰራሁት፣ 18 ሜትር ይሆናል፣ በቴስተር አይቼዋለሁ 8ቱም መብራት በተራ ይበራል። ዳውንሎድ ያደርጋል ግን ጨዋታ መሃል ላይ ይቆራረጣል፣ ዋይፋይ ላይ ሳደርገው ይሻላል እንዴት ነው ይሄ?

ዳዊት፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ቀለሞቹን እንዴት ደረደርካቸው?

የጀሞው፦ በየጥንዳቸው፣ ብርቱካናማ ከነጩ አረንጓዴ ከነጩ ሰማያዊ ከነጩ ቡኒ ከነጩ። ሁለቱም ጫፍ አንድ አይነት ነው።

ዳዊት፦ በቃ እሱ ነው ችግርህ። እያንዳንዱ ጥንድ እርስ በርሱ የተጠማዘዘው ለውበት አይደለም፣ የአንዱ ክር ረብሻ በሌላው እንዲጣፋ ነው። መሰኪያው ላይ 1 እና 2 አንድ ጥንድ ናቸው፣ 3 እና 6 ደግሞ ሌላ ጥንድ፣ መሃል ያሉት 4 እና 5 ለብቻቸው። አንተ እንደደረደርከው ከሆነ 3ኛው ላይ የገባው የአረንጓዴው ነጭ ነው፣ 6ኛው ላይ ግን ከሰማያዊው ጥንድ የመጣ ክር ገብቷል። ሁለቱ አብረው ያልተጠማዘዙ ክሮች አብረው ሲግናል ይሸከማሉ፣ ረብሻው ይገባል፣ ፓኬት (ዳታው ተቆራርጦ የሚላክበት ቁራጭ) ይጠፋል። ቴስተሩ የሚያየው ክሩ ከጫፍ ጫፍ መድረሱን ብቻ ስለሆነ 8ቱም ይበራልሃል፣ ስንቱን ቤት እንዳታለለ እኔ ነኝ የማውቀው። ባለፈው ወር አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት 6 ገመድ በሙሉ እንደዚህ ተሰርቶ አገኘሁ፣ ባለቤቱ ሁለት ራውተር ቀይሮ ነበር። ከግራ ወደ ቀኝ ያዝ፣ የመሰኪያው ምላስ ወደ ታች፣ ወርቃማው ጫፍ ወደ ፊት፣ ገመዱ የሚገባበት ቀዳዳ ወዳንተ፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡኒ፣ ቡኒ። አረንጓዴው ሰማያዊዎቹን መሃል አድርጎ ከግራና ከቀኝ እንደሚያቅፍ አስበው። ጠመዝማዛውን ከ1 ሳንቲሜትር ብዙም በላይ አትፍታው፣ የውጪው ፕላስቲክም መሰኪያው ውስጥ ገብቶ ይነከስ። ሌላ ደግሞ አንዱን ክር በምላጭ ፋቅ አድርገው፣ ውስጡ ነጣ ካለ አልሙኒየም ነው መዳብ የተቀባ፣ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ግድግዳ ውስጥ እንዳትቀብረው። እስከ ውስጥ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው።

ሀብታሙ፦ ሶፍትዌሩ 9.00 ላይ ያለ ሃክድ ፒኤስ4 ኦንላይን ማስገባት ይቻላል?

ዳዊት፦ እሱን አልመልስም። ኦንላይን መጫወት ከፈለክ ያልተነካካ ኮንሶል ያዝ።

ኪሩ፦ ሰዎች ዲኤንኤስ 1.1.1.1 አድርጉ፣ ፒንግ (ከሰርቨሩ ደርሶ መልስ የሚፈጀው ጊዜ) በግማሽ ይወርዳል፣ በራሴ አይቼዋለሁ

ናቲ፦ ኪሩ ዲኤንኤስ ፒንግ አይቀንስም፣ አታሳስት

ኪሩ፦ እኔ ከ180 ወደ 110 ወርዶልኛል ምን ልበልህ ታዲያ

ናቲ፦ የማታ 3 ሰዓቱን ከሌሊት 8 ሰዓት ጋር አወዳድረህ ነው፣ ሰፈሩ ሲተኛማ የሁሉም ይወርዳል

ኪሩ፦ አንተ ደግሞ ፒሲ ነው ያለህ ስለ ኮንሶል ምን አገባህ

ዳዊት፦ ተረጋጉ። ናቲ ልክ ነው። ዲኤንኤስ የሰርቨሩን ስም ወደ ቁጥር ይቀይርልሃል፣ ከዛ በኋላ መንገዱ ላይ የለበትም። የቀድሞው ዲኤንኤስ ጨርሶ የማይመልስ ከሆነ መቀየሩ ሳይን ኢን ያስገባሃል፣ በዚያ ይጠቅማል። ፒንግ ግን የርቀት ጉዳይ ነው፦ ብርሃን ፋይበር ውስጥ በ1 ሚሊሰከንድ 200 ኪሎሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፣ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ እንኳ ከ5 ሺህ ኪሎሜትር በላይ ነው፣ ደርሶ መልስ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች ማንም አያወርደውም። ገመዱ ደግሞ በጅቡቲና በባህር ስር እየዞረ ስለሆነ ከዛም ይበልጣል።

ናቲ፦ ስለዚህ 100 ሜጋ ያስገባ ሰው ፒንጉ አይወርድለትም ማለት ነው?

ዳዊት፦ በሱ ብቻ አይወርድም። ቤት ውስጥ ቪዲዮ የሚጭን ሰው አፕሎዱን ሲሞላው ግን ፒንግ ይዘላል፣ ያኔ ሰፋ ያለ አፕሎድ ይረዳል።

ጋሽ ታደሰ፦ ልጄ ዳዊት፣ የልጆቹ ፒኤስ4 መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ኢንተርኔት አላገኘሁም ይላል፣ ግማሽ ሰዓት ቆይተው ሲከፍቱት ይሰራል። በገመድ ነው። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ራውተር ልኮልኛል፣ እሱን ብሰካው ይሻላል?

ዳዊት፦ ጋሼ፣ ኮንሶሉ ከፋይበሩ ሳጥን ቀድሞ ስለሚነሳ ነው። ሳጥኑ ላይ ፖን የሚለው መብራት መብለጭለጩን ትቶ እስኪረጋ ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ኮንሶሉ በዚያ መሃል ጠይቆ መልስ ሲያጣ ተስፋ ይቆርጣል። ልጆቹ ፖን ሲረጋ ኢንተርኔት ቴስቱን እንደገና ይጫኑት፣ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ አያስፈልግም። ሎስ የሚለው ቀይ ከበራ ግን የፋይበሩ መስመር ስለሆነ ለአቅራቢው ይደውሉ። የአሜሪካውን ራውተር ከመሰካትዎ በፊት አዳፕተሩ ላይ ኢንፑት የሚለውን ያንብቡልኝ፦ ከ100 እስከ 240 ካለ ይሰኩት፣ 120 ብቻ ካለ የኛ 220 ያቃጥለዋል። መብራት ሲሄድም ኮንሶሉን ከዲቫይደሩ ይንቀሉት፣ ሲመለስ ነው ጉዳቱ።

ጋሽ ታደሰ፦ 120 ብቻ ነው የሚለው። እግዜር ይስጥህ።

ሚኪ፦ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ፣ በገመድ፣ ናት ስትሪክት። ራውተሩ ላይ የኤክስቦክሱን ፖርት 3074 ከፍቻለሁ፣ ዲኤምዜድም (ሁሉንም ፖርት ለኮንሶሉ መክፈት) ሞክሬያለሁ፣ የጓደኞቼ ድምፅ አሁንም አይሰማኝም

ዳዊት፦ ስላሟላህልኝ አመሰግናለሁ። ራውተሩ ውስጥ ገብተህ ዋን አይፒ (ራውተሩ ከውጪ የተሰጠው አድራሻ) የሚለውን እይ። በ192.168 ወይም በ10 ከጀመረ ከፊቱ ሌላ ራውተር አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያው የፋይበሩ ሳጥን ነው። ያኔ ያንተን ራውተር ዲኤችሲፒውን (ለመሳሪያዎች አይፒ የሚያድለውን) አጥፋ፣ አይፒውንም ከሳጥኑ የተለየ ስጠው፣ ከሳጥኑ የሚመጣውን ገመድ ከዋን አውጥተህ ላን ላይ ሰካው። በ100 ጀምሮ ሁለተኛው ቁጥር ከ64 እስከ 127 ከሆነ ግን አቅራቢው ራሱ አንድ አይፒ ለብዙ ቤት እያካፈለ ነው፣ አንተ ጋ የከፈትከው ፖርት ደጅህ ድረስ እንጂ ከዛ አያልፍም። ፐብሊክ አይፒ (ከሌላ ቤት ጋር የማትጋራው አድራሻ) እንዲሰጥህ አቅራቢውን ጠይቅ፣ ሌላው ሁሉ ልፋት ነው።

ሚኪ፦ 100.72 ይላል

ዳዊት፦ እንግዲህ ራውተሩን አትነካካው፣ ደውል።

ሊያ፦ የፕሌይስቴሽን አካውንት ስከፍት ከሀገሮቹ ዝርዝር ኢትዮጵያ የለችም፣ የቱን ልምረጥ?

ዳዊት፦ የፕሌይስቴሽን መግዣ ካርድ የምታገኚበትን ሀገር። በኋላ አይቀየርም፣ ካርዱም ከአካውንቱ ሀገር ጋር መግጠም አለበት።

ቢኒ፦ ዴቭ አልመለስክልኝም እኮ፣ ኔቴ ስሎው ነው

ዳዊት፦ ቢኒ ሶስተኛ ጊዜ ልበልህ፣ ኮንሶሉ፣ ገመድ ወይ ዋይፋይ፣ ናት። ሳላውቅ የምነግርህ ብርህን ያስወጣሃል።

ቢኒ፦ ፒኤስ4 ስሊም፣ ዋይፋይ፣ ናት 2፣ ራውተሩ ዋናው ቤት ነው እኔ ሰርቪስ ቤት ነኝ

ዳዊት፦ አየህ፣ አሁን ገባኝ። በመሃል የቆርቆሮ ግድግዳ አለ?

ቢኒ፦ አዎ ኩሽናው ቆርቆሮ ነው

ዳዊት፦ ቆርቆሮ ዋይፋይን መልሶ ይወረውረዋል። 25 ሜትር ለውጪ የሚሆን ካት 5ኢ የኔትወርክ ገመድ ግዛ፣ የመዳቡን፣ እስከ 100 ሜትር ችግር የለውም። በፕላስቲክ ቱቦ አሳልፈው፣ ከመብራት መስመር ጋር አብሮ አይሂድ። የቀለሙን ቅደም ተከተል ላይ ለየጀሞው ጽፌዋለሁ።

የጀሞው፦ ዳዊቴ ሁለቱንም ጫፍ ቆርጬ እንደገና ሰራሁት፣ ሁለት ጨዋታ ጨረስኩ አንዴም አልተቆራረጠ። አንዱን ክር ፋቅኩት፣ ቀይ ነው።

ዳዊት፦ ተመስገን። የተረፈውን ገመድ አትጣለው። 4 ሰዓት ሆነ፣ ያልደረስኩባችሁ ነገ ከስራ መልስ፣ ሶስቱን ነገር ጽፋችሁ ጠብቁኝ።