የአያቴን የኮሪያ ሜዳሊያ በሎሚና በአመድ ልፈትገው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ወንድ አያቴ በኮሪያ ጦርነት የተዋጋው የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ፣ ዘማች ነበሩ፣ ካረፉ አራት አመት ሆናቸው። ሰሞኑን ሳጥናቸውን ስንከፍት ሶስት ሜዳሊያ በፌስታል ተጠቅልሎ አገኘን፣ ጠቋቁረዋል ሪባናቸውም ለቋል። እናቴ በሎሚና በአመድ ፈትጊው ትላለች፣ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ በኢንተርኔት ጥሩ ብር የሚሰጥ ሰው አለ እንሽጠው እያለ ነው። ምን ላድርግ? (ሰ. ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ እህቴ ሎሚውም አመዱም ይቅር፣ ብራሶም ቢሆን እንዳይነካው። ያ ጥቁረት እኮ ቆሻሻ አይደለም፣ ብረቱ በሰባ አመት ውስጥ ራሱ ያወጣው ቀለም ነው፣ ስትፈትጊው ጽሁፉም አብሮ ይፋቃል እሱ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። አቧራ ካለው በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ጠረግ ጠረግ አድርጊው በቃ። ሪባኑን እንዳታጥቢ። ፌስታሉን ግን ዛሬውኑ አውጪው እርጥበት ያፍናል፣ ጋዜጣም አይሆንም ወረቀቱ አሲድ አለው። በደንብ በደረቀ ነጭ የጥጥ ጨርቅ እንዳይፋጩ ለየብቻ ጠቅልያቸው፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛትን እርጥበት የምትመጥ ከረጢት ጨምሪና ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጪ። ሳሎን መስቀል ካማራችሁ ፎቶውን አሳጥባችሁ ስቀሉ፣ ሪባንን ብርሃን ይጨርሰዋል።

ከሶስቱ አንዱ ሪባኑ ሰማያዊና ነጭ ቀጫጭን መስመር ከሆነ የተባበሩት መንግስታት የኮሪያ ሜዳሊያ ነው። በየዘማቹ አገር ቋንቋ ነው የተሰራው፣ ለኛዎቹም በአማርኛ፣ ገልብጠሽ ጀርባውን አንብቢው። የራሳችን ፊደል እዛ ላይ ሳይ እስካሁን ሆዴን ይበላኛል። ግን አብዛኛውን ጊዜ የተሸላሚው ስም አልተቀረጸበትም፣ እና ከናንተ ሳጥን ወጥቶ ገዢ እጅ በገባ ቀን የአያትሽ መሆኑን የሚናገር ምንም ነገር የለም። እኔ ብሆን አልሸጥም።

ስለዚህ ከብረቱ በላይ የሚያስቸኩልሽ ወሬው ነው። ሴት አያትሽ በህይወት ካሉ በዚሁ ሳምንት ስልክሽን ድምጽ መቅረጫ ላይ አድርገሽ አጠገባቸው ቁጭ በይ። «ስለ ኮሪያ ንገሩኝ» አትበያቸው ሰፊ ነው፣ በስንተኛው ቃኘው ሄዱ በያቸው፣ አንደኛው በ1943፣ ሁለተኛው በ1944፣ ሶስተኛው በ1945 ዓ.ም. ነው የዘመተው፣ ስለዚህ እማማ አመተ ምህረቱን ቢረሱት እንኳ ከሰርጋቸው በፊት ነው በኋላ፣ የትኛው ልጅ ተወልዶ ነበር እያልሽ ትደርሺበታለሽ። በየትኛው ሻምበል እንደነበሩ ጠይቂ፣ ከማን ጋር ሄደው ከማን ጋር እንደተመለሱ ጠይቂ፣ 121 ሰው እኮ እዛ ሞቷል፣ አንድም ግን አልተማረከም። ሜዳሊያው ለምን በፌስታል ተጠቅልሎ ሳጥን ስር እንደኖረም ጠይቂያቸው። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ስለነበር ያኔ ደቡብን ረድቼ ተዋግቻለሁ ማለት ያስፈራ ነበር፣ ብዙ ዘማች ኒሻኑን ደብቆ ነው የኖረው፣ ምናልባት የናንተም ቤት ታሪክ ይሄው ነው።

መታወቂያ፣ የምስክር ወረቀት፣ ደብዳቤ ካለ ሁሉንም በስልክ አንሺና ለሁለት ሶስት ዘመድ ላኪ፣ አንድ ስልክ ላይ ብቻ አይቅር። ፎቶ ጀርባ ላይ ስም ስትጽፊ በእርሳስ፣ እስኪርቢቶ ወደ ፊት ለፊቱ ያልፋል። ላሚኔት አታስደርጊ።

ወንድምሽን አትቆጪው፣ ምን እንደሆነ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው። እማማ ሲያወሩ ስልኩን እሱ ይያዝ።