11 ወር አልፏት ላልወለደችው ባዝራህ፦ እንግዴ ልጁን እንዳትጥለው

ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባዝራህ ታኅሣሥ 23 በድንጉላ አህያ ተጠቅታ ዛሬ ኅዳር 30 ሆኗል፤ አግታለች፣ ግን አልወለደችም። ጎረቤትህ «የሚያስወልድ መርፌ አስወጋት፣ ጡቷንም እለብላት» ብሎሃል። ከመንዲዳ በኩል መሆንህንና ባዝራዋ ከዚህ በፊት ሁለት በቅሎ መውለዷንም ጽፈሃል። እኔ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በአንኮበር መንገድ የምኖር ሴት ነኝ። ሁለት ባዝራዎች፣ እናትና ልጅ፣ ከአባቴ ወርሻለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን አንድ ሌሊት ያስከፈለኝን ዋጋ አንተ ደግመህ እንድትከፍል አልፈልግም።

1. ቀኑን በትክክል ቁጠር። ባዝራ የምታረግዘው በአማካይ 340 ቀን ነው፤ ከ320 እስከ 365 ቀን ድረስ ወልዳ ልጇ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። በእኛ አቆጣጠር ቀላሉ መንገድ ከተጠቃችበት ቀን አንድ ዓመት ቆጥሮ 25 ቀን መቀነስ ነው። ያንተ ኅዳር 28 ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ያለፋት ሁለት ቀን ብቻ ነው! በዚያ ላይ ከአህያ ያረገዘች ባዝራ ከፈረስ ካረገዘችው ትንሽ ማዘግየቷ የተለመደ ነው። ውርንጭላ ለመተንፈስና ለመቆም የሚበቃው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀናት ስለሆነ፣ መርፌ ያጣደፈው ልጅ መልኩ ሙሉ ሆኖ ውስጡ ያልደረሰ ሊወጣ ይችላል። መርፌውን ለጎረቤትህ ተውለት።

2. ጡቷን አትለብ። በውስጡ ያለው እንገር፣ የመጀመሪያው ወፍራም ወተት፣ ነው። ውርንጭላ በደሙ ውስጥ በሽታ መከላከያ ይዞ አይወለድም፤ ሁሉንም የሚያገኘው ከእንገሩ ነው፣ አንጀቱም የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ቢጠጣው ምግብ ይሆነዋል እንጂ መከላከያ አይሆነውም። በጡቷ ጫፍ ላይ እንደ ሰም ያለ ቢጫ ጠብታ ደርቆ ካየህ ብዙውን ጊዜ የቀራት አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ነው። ከመውለዷ በፊት በራሱ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን በንጹሕ ዕቃ ተቀብለህ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጠው። (የአንተ ባዝራ በቅሎ ወልዳ ስለምታውቅ በእንገሩ ላይ ሌላ ነገር አለ፤ እመለስበታለሁ።)

3. ሌሊቱን ተዘጋጅ። ባዝራ የምትወልደው በአብዛኛው ሌሊት፣ ሰው ዞር ሲልላት ነው። ጋጣው ውስጥ ደረቅ ጭድ በወፍራሙ አንጥፍ፣ የዚህ ወር ውርጭ ቀልድ አያውቅም። የሽርት ውኃዋ ከፈሰሰ በኋላ ልጁ በ20 ወይም በ30 ደቂቃ ውስጥ መውጣት አለበት። መጀመሪያ የሚታየው ነጣ ያለ ስስ ከረጢት ከሆነ፣ በውስጡም ሁለት የፊት እግሮች ኮቴያቸው ወደ ታች ዞሮ፣ አንዱ ከሌላው ቀደም ብሎ፣ አፍንጫው እላያቸው ላይ ካረፈ እጅህን ሰብስብ። ነገር ግን የሚወጣው ቀይ፣ እንደ ከፋይ ጨርቅ ያለ ከሆነ ሐኪም እስኪመጣ አትጠብቅ፤ ወዲያውኑ ቅደደው፣ ልጁ ውስጥ ታፍኗልና።

4. እንግዴ ልጁ።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ትቼ የራሴን ልንገርህ።

በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እናቲቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ እንስት በቅሎ ወለደችልኝ። ምጡ ቀላል ነበር፤ ግልገሏ ሰዓት ሳይሞላ ቆመች፣ እኛም እልል አልን። እንግዴ ልጁ ግን ጠዋት 1 ሰዓት ላይም ተንጠልጥሎ ነበር። እኔ ላም ብቻ ነው የማውቀው። ላም ብታቆየውም እስከ ማታ ትጠብቃለህ፣ ብዙም አትደነግጥም። ባዝራ ላም እንዳልሆነች የነገረኝ አልነበረም። ባዝራ በ3 ሰዓት ውስጥ ካልጣለችው ሐኪም የሚጠራበት ጉዳይ ነው፤ ይህንን ቁጥር አሁን በእንቅልፌም አልረሳውም። የዚያን ቀን ግን አንድ የመንደራችን ሽማግሌ መጥተው፣ ለክፋት አይደለም፣ እንደ አባቶቻቸው ነው፣ ድንጋይ በገመድ አስረው አንጠለጠሉበት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ዱብ አለ። ደግመን እልል አልን።

ወንድሜ ደግሞ «ጅብ ይስብብናል» ብሎ ወስዶ ከባሕር ዛፉ ማዶ ጣለው። ውሾች ጨረሱት። ዞር ብዬ እንኳ አላየሁትም።

በማግስቱ ገብሱን ተወችው። በሦስተኛው ቀን የፊት እግሮቿን ወደ ፊት ዘርግታ፣ ክብደቷን በኋላ እግሮቿ ላይ ጥላ፣ እንደ ተተከለ ግንድ ቆማ አገኘኋት። ድንጋይ የወጋት መስሎኝ ኮቴዋን ልይ ብዬ በእጄ ስይዘው ከምጣድ እንደ ወረደ ይግላል። ማሕፀኗ ውስጥ የቀረው ቁራጭ ሲበሰብስ መርዙ በደሟ ዞሮ ኮቴዋን እንደሚያቃጥለው ያኔ ማን ያውቃል?

ወደ አንድ የመንግሥት እንስሳት ክሊኒክ ሮጥኩ፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ዘበኛው ግማሽ ሰዓት አቆመኝ። መዝገብ የያዘው ሰውዬ ቀና ብሎም ሳያየኝ «ሐኪሙ ስብሰባ ላይ ነው፤ እንስሳዋን ይዘሽ ነይ» አለኝ። አትራመድም አልኩት። «እንግዲያውስ ባለቤትሽን ላኪው» አለኝ። «ባለቤቷ እኔ ነኝ» አልኩት። ሳቀ። ከጎኑ የተቀመጠውም ሳቀ። «ሰኞ ነይ» ተባልኩ፤ ቀኑ ሐሙስ ነበር። አንተ ወንድሜ፣ በሬ የሞተበት ወንድ ቢሆን ኖሮ ወንበር ይስቡለት ነበር።

በማግስቱ በሰው በሰው አንድ የግል ሐኪም አገኘሁ፤ በባጃጅ መጣ። ጋጣው በር ላይ ሆኖ መጀመሪያ የጠየቀኝ «እንግዴ ልጁ የት አለ?» ብሎ ነው። ውሻ በላው አልኩት። ምንም አላለኝም፤ እጅጌውን ሰበሰበና እስከ ብብቱ የሚደርስ ጓንት አጠለቀ። ያወጣው ነገር ከእጅ መዳፍ አይበልጥም፤ ሽታው ግን ከጋጣው አስወጣን። በጨው ውኃ አጠባት፣ መርፌ ወጋት፣ ለቀናት ተመላለሰ። ዳነች፤ ግን መዳን ይሉት አይደለም። ቁልቁለት ስትወርድ አንገቷን እየነቀነቀች ነበር የምትሄደው፤ ኮርቻም ዳግመኛ አልተጫነባትም። ድንጋይ አስሮ መጎተት የሚያወጣው የተላቀቀውን ብቻ ነው፤ ያልተላቀቀው ተቀዶ ውስጥ ይቀራል።

ሐኪሙ የነገረኝን በ2013 ዓ.ም. በልጇ፣ በሁለተኛዋ ባዝራዬ፣ ላይ ሠራሁበት፤ በዚህ ስኮራ ታገሠኝ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ወለደች፤ ሰዓቱን በስልኬ ያዝኩ። የተንጠለጠለውን እንዳትረግጠው ወደ ላይ ጠቅልዬ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቋጠርኩት፤ አልጎተትኩም። ከአንድ ሰዓት ትንሽ በኋላ ራሷ ጣለችው። የማዳበሪያ ከረጢት ቀድጄ ዘረጋሁ፣ እላዩ ላይ በእጅ ባትሪ አነጠፍኩት። ሲዘረጋ ቁርጥ ባለ ሁለት እግር ሱሪ ነው፦ ወገቡ አለ፣ ሁለት እግሮች አሉት፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጠን ያለ። ቀዳዳው አንድ ብቻ መሆን አለበት፤ እርሱም ልጁ የወጣበት ነው። የሱሪውን ወፍራም እግር በውኃ ሞላሁት፤ አላፈሰሰም። ቀጭኑን ስሞላው ጫፉ የለም። በአውራ ጣቴ ዳርና ዳሩን ዳሰስኩት፤ እንደ ተቀደደ ወረቀት ዘልዘል ብሏል።

ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። «በባልዲ ክደኚውና አቆዪኝ» አለ። ሲነጋ መጥቶ አየው፤ የቀጭኑ እግር ጫፍ ብዙ ጊዜ ተቀዶ የሚቀረው ቦታ መሆኑን አስረዳኝና ኦክሲቶሲን የሚባለውን ማሕፀን የሚያኮማትር መድኃኒት በትንሽ በትንሹ ወጋት፣ አጠባት። እኩለ ቀን ሳይሆን ቁራጩ ወጣ። ይዤው ሄጄ ሱሪው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት፤ ልክክ አለ! ባዝራዋ በዚያው ቀን ገብስ በላች፤ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ኮቴዋን በእጄ ዳሰስኩ፣ አንድም ቀን አልጋለም። ሐኪሙ ሲሄድ «ሠራተኞቼ እንኳ እንዲህ አይዘረጉልኝም» አለኝ። ያ የመዝገብ ሰውዬ በሰማው ብዬ ተመኘሁ።

እንግዲህ ባልዲ ክዳን ያለው ይሁን፣ ከላዩም ድንጋይ ጫንበት። ጅቡም ውሻውም ይቆይ፤ ሐኪሙ አይቶት «ሙሉ ነው» ካለህ በኋላ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረህ ቅበረው።

አሁን ወዳቆየሁት እንገር ልመለስ፤ ይህም ከዚያው ሐኪም የሰማሁት ነው። በቅሎ ወልዳ የምታውቅ ባዝራ አንዳንዴ ደሟ የአህያውን ወገን እንደ ጠላት ይለየዋል፤ ያ ጥላቻ በእንገሩ ውስጥ ይገባል። ልጁ ጤነኛ ሆኖ ይወለዳል፣ ቆሞ ይጠባል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይዝላል፣ ድዱና የዓይኑ ውስጥ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ይቀላል። በየበቅሎው የሚደርስ አይደለም፤ ግን ከፈረስ ውርንጭላ ይልቅ በበቅሎ ላይ ይበዛል። ያንተ ባዝራ ሦስተኛዋ ስለሆነ ሐኪምህን ከመውለዷ በፊት፣ ነገ ጠዋት ጠይቀው። በቅሎ ወልዳ የማታውቅ አራስ ባዝራ በአካባቢህ ካለች ባለቤቷን ከወዲሁ ለምን፤ እንገር በመከራ ቀን አይለመንም። ከጠባ በኋላ ቢጫውን ካየህ ደግሞ ወዲያውኑ ከእናቱ ለየውና ሐኪም ጥራ። የቀደሙት ሁለቱ ደህና ነበሩ ብለህ አትዘናጋ።

የቀረው አጭር ነው። ልጁ በ1 ሰዓት ይቁም፣ በ2 ሰዓት ይጥባ። እትብቱን በምላጭ አትቁረጠው፣ ሲነሡ ራሱ ይበጠሳል፤ ጫፉን በቀጠነ አዮዲን ንከረው፣ ፈረስን መንጋጋ ቆልፍ እንደሚጠላው ማንም አይጠላውም። ጥቁሯ የመጀመሪያ ፋንድያ በ24 ሰዓት ውስጥ ትውጣ። ከወለደች ከ7 እስከ 12 ቀን ውስጥ እንደገና ትፈልጋለች፤ ያን ጊዜ ድንጉላ ያለው ሰው ገመዱን ይዞ በርህ ላይ ይቆማል። እንግዴ ልጁ ከቆየባት አታስጠቃት፣ አስመርምረህ ቀጣዩን ጊዜ ጠብቅ።

ስትወልድ ሰዓቱን ጻፍና እንግዴ ልጁን በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ዘርግተህ ፎቶውን እዚሁ ለጥፈው። ሁለቱ የሱሪ እግሮች እስከ ጫፋቸው ይታዩ። ከሌሊቱ 9 ሰዓትም ቢሆን ነቅቼ አየዋለሁ።