መልስ፦ ኢተሬተሩ ስንት ሜተድ ይኑረው?

ሰላም ወንድሜ። ለምትሠራው ላይብረሪ ኢተሬተሩ (የዝርዝር አባላትን አንድ በአንድ የሚያወጣው ኦብጀክት) «ሀዝኔክስት» («ቀሪ አለ?») እና «ኔክስት» («ቀጣዩን ስጠኝ») የሚባሉ ሜተዶች፣ ማለትም የሚጠሩ ተግባራት፣ ለየብቻ ይኑሩት ወይስ አንድ ሜተድ ይብቃው ብለሃል። እኔ አንዱን እመርጣለሁ። የፕሮግራሚንግ ቋንቋው ጃቫ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለቱን ለያይቶ ይዟል። ሌላው ቋንቋ ፓይተን ግን በአንድ ይጨርሳል፤ ሲያልቅ «ስቶፕኢተሬሽን» የሚባል የማለቂያ ምልክት (ኤክሴፕሽን) ይወረውራል። ልዩነቱ ከፋይል ስታነብ ይታይሃል፤ «ሀዝኔክስት» መልስ ለመስጠት ቀጣዩን መስመር ቀድሞ አንብቦ መያዝ አለበት።

ማለቁን ግን በነል («ምንም የለም» በሚለው ባዶ ዋጋ) እንዳታሳይ፣ አደራ! ምሳሌ ያደረግከውን የአዳማ መናኸሪያ የተሳፋሪዎች ስልክ ዝርዝር ውሰድ። ስልክ የሌለው ሰው ቦታ ነል ከሆነ ሉፑ (ዝርዝሩን የሚዞረው ኮድ) ያለቀ መስሎት እሱ ጋ ቀጥ ይላል። ከኋላው ያሉት ሁሉ ሳይታዩ ይቀራሉ። ለማለቂያ ብቻ የተለየ ኦብጀክት መመለስ ይሻልሃል።

«ሪሙቭ»ን (አባል የሚያስወግደውን ሜተድ) ተወው። ጃቫም በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው ስሪት 8 ላይ ግዴታነቱን አንስቶታል።