ጋሼ፣ ድምፁን ላጥፋው?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ልታማክረኝ መጣች። እጮኛዋ ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። ስልኳ ላይ አንድ ቮይስ ቀርቷታል። «ደርሻለሁ፣ ውረጂ» ይላል፣ በቃ። «ጓደኞቼ አጥፊው ይሉኛል። ጋሼ፣ ላጥፋው?» አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንድ ሹራብ ትዝ አለኝ።

የማማከር ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሚስታቸው የሞተችባቸው አንድ ሰውዬ መጡ። ሹራቧን በፌስታል ይዘው ገቡና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። እያወሩ የፌስታሉን አፍ ሁለቴ አጥፈው ጨብጠውታል፣ ጠረኗ እንዳይወጣ። «ማታ ማታ ከፍቼ አሸተውና መልሼ እዘጋዋለሁ» አሉኝ። እኔ ገና ከትምህርት መውጣቴ ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ኤልሳቤት ኩብለር ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 የጻፈቻቸውን አምስቱን፣ መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድባቴ፣ መቀበል የሚባሉትን፣ ሐዘንተኛ ሁሉ በተራ የሚወጣቸው ደረጃዎች አድርጌ ነበር የያዝኳቸው። ሰውዬው መሐል ላይ ቀርተዋል ብዬ ደመደምኩ። «ለተቸገረ ይስጡት፣ ይቀልልዎታል» አልኳቸው።

ሰጡት። በሦስተኛው ሳምንት ባዶ እጃቸውን መጡ። እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ጉልበታቸውን ያሻሹ ነበር። «መንገድ ላይ ያን ቀለም የለበሰች ሴት ካየሁ እከተላለሁ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አልተመለሱም።

ኩብለር ሮስ ያነጋገረችው ራሳቸው ለሞት የተቃረቡ ሕሙማንን እንደነበር ልብ ያልኩት ቆይቼ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ስትሮብና ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ሐዘንተኛ አንዴ ወደ ሐዘኑ አንዴ ወደ ኑሮው እየተመላለሰ ነው የሚያገግመው ብለው ጻፉ። ያን ሳነብ እንባዬ መጣ። ሰውዬው እኮ ይከፍቱ ነበር፣ ይዘጉም ነበር። መክፈታቸውን ብቻ ነው ያየሁት።

እናንተ ልጆች ደግሞ ትቸኩላላችሁ። ፎቶ ዲሊት፣ ቁጥር ብሎክ፣ በወሩ «ረስቼዋለሁ»። ሐዘን እንዲህ በትእዛዝ አይወጣም። ግን ጥሎሽ የሄደው በሕይወት ካለ፣ እውነቴን ነው፣ ብሎክ አድርጊው። በየቀኑ አዲስ ፎቶ እየለጠፈ ቁስልሽን የሚነካካ ሰው ሌላ ነገር ነው። የሞተ ሰው አዲስ ነገር አይለጥፍም፣ የተወልሽ ያው ያለሽ ነው። ዓመት አልፎም ከአልጋ መነሳት፣ መብላት፣ መሥራት ያቃተው ሰው ካለ ግን ብቻውን አይታገል፣ ለዚያ ሕክምና አለው።

ልጅቷን አታጥፊው አልኳት። ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፣ ሌላ ቦታም አስቀምጪው። ከዚያ ያኔ ሰውዬውን ሳልጠይቃቸው የቀረሁትን ጠየቅኳት፣ ከሰማሽው በኋላ ምን ታደርጊያለሽ?

«ጫማዬን አስራለሁ» አለችኝ። «ሥራ እንዳይረፍድብኝ።»