እርሾ ኃጢአት ነውን?

ጥያቄ፦ ከደሴ ነው የምጽፈው። በየወሩ በ21 የእመቤታችንን ዝክር ድፎ ዳቦ ጋግሬ እዘክር ነበር። አንዲት የማኅበራችን እናት «እርሾ በመጽሐፍ የኃጢአት ምሳሌ ነው፤ የሱቁ ደግሞ ሕይወት ስላለው ለጾም አይሆንም» ካሉኝ ወዲህ ሁለት ወር አቋረጥኩ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ የጾሙ ነገር ቀላል ነው። የሱቁ እርሾ የእንጉዳይ ዘመድ ነው እንጂ ሥጋም ወተትም አይደለም። የእንጀራሽ እርሾም ሕይወት አለው፤ ባይኖረው ሊጡ ኩፍ አይልም ነበር። ዳቦውን የፍስክ የሚያደርገው ላዩ ላይ የሚቀባው እንቁላልና መጋገሪያው ላይ የቀረ ቅቤ ነው፤ ይህን ታውቂዋለሽ።

ሌላውን ግን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ሐዋርያትም ተሳስተውበታል። ጌታ «ከፈሪሳውያን እርሾ ተጠንቀቁ» ሲላቸው እንጀራ ባለመያዛቸው የተናገረ መስሏቸው ተጨነቁ፤ ስለ ትምህርታቸው እንደ ሆነ የገባቸው ኋላ ነው (ማቴ 16፥5-12)። በዚያው ወንጌል መንግሥተ ሰማያትን ሴት በሦስት መስፈሪያ ዱቄት በሸሸገችው እርሾ መስሏታል (13፥33)። ለቅዳሴ ከቤተ ልሔም፣ የቁርባኑ ኅብስት ከሚጋገርበት ቤት፣ የሚወጣው ኅብስትስ የቦካ አይደለምን?

ቅዱስ ጳውሎስ «አሮጌውን እርሾ አስወግዱ» ሲል (1ኛ ቆሮ 5፥7) ጋጋሪ ቶሎ ይገባታል። ካለፈው ቡኮ የተረፈው ለሚቀጥለው ይቀመጣል። ሳይከደን ሰንብቶ ከሻገተ፣ ላዩን ገፈሽ ብትጥይውም ሽታው ወደ አዲሱ ሊጥ ይገባል፤ ከአዲሱም ወደሚከተለው። ክፋትና ቂምም ከሰው ወደ ሰው የሚሄዱት እንዲሁ ነው፤ ሐዋርያው ያለው ይህንን እንጂ ቡሃቃሽን አይደለም።

በማቋረጥሽ ግን አልስማማም። ሁለት ወር ሙሉ ለነዳያን የሚቆረስ ዳቦ ቀረ፤ ያውም በማይጠየቅ ነገር። እኒያን እናትም አትቀየሚያቸው፣ ጥሪያቸውና አብረው ይቅመሱ።

በ20 ማታ አቡኪው። ለ1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ፈጣን ደረቅ እርሾ፣ 20 ግራም ጨው፣ 650 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃል። ይፍጠንልኝ ብለሽ የፈላ ውሃ እንዳታደርጊ፣ እርሾው ይሞታል። በደሴ ብርድ ተከድኖ ሲያድር ቀስ ብሎ ኩፍ ይላል፤ ጠዋት በኮባ ጠቅልለሽ ትጋግሪዋለሽ። 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ የምትሞቀው ኮምቦልቻ ላይ ግን እንዲህ የተወ ሊጥ እስኪነጋ ወርዶ ኮምጥጦ ይገኛል፤ እዚያ ያለ ዘመድ ከጠየቀሽ ጠዋት እንዲያቦካ ንገሪው።