ዋጋ ያልተተመነለት ግዴታ

ልጆቼ፣

በመንገድ፣ በመስኖ ወይም በሌላ የግንባታ መሥሪያ ቤት የአካባቢ ጉዳይ ክፍል ለተመደባችሁ ነው የምጽፈው። አዋጅ ቁጥር 295/1995 መሥሪያ ቤቶች ይህን ክፍል እንዲያቋቁሙ ወይም እንዲሰይሙ ያዛል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ (ግንባታው በአካባቢው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አስቀድሞ የሚያጠና ሪፖርት) የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ግምገማው ሳይጸድቅ ፈቃድ እንዳይሰጠው ይከለክላል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቶች ቶሎ የሚለምዱት ሪፖርት ማዘጋጀትን ነው። ሪፖርቱ ይጸድቃል፣ ይጠረዛል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ግንባታው ግን የሚመራው በውሉ ነው።

ትግላችሁ እዚያ ላይ ይሁን። በአካባቢ አያያዝ ዕቅዱ (ጉዳቱን ለመቀነስ የሚሠራውን በሚዘረዝረው ዕቅድ) የሰፈረ እያንዳንዱ ሥራ፣ ጨረታው ከመውጣቱ በፊት የውሉ አካል በሆነው የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝር ውስጥ የራሱ ተራ ቁጥር፣ መለኪያና መጠን ይኑረው። «ወጪው በሌሎች ሥራዎች ተካቷል» የሚለውን አትቀበሉ። ሥራው የራሱ ዋጋ ስለማይኖረው፣ ተቋራጩ ቢተወው ግንባታውን የሚቆጣጠረው አማካሪ መሐንዲስ ከክፍያው የሚቀንሰው አያገኝም።

የአፈርና የጠጠር ማውጫ ቦታን እንውሰድ። ከ1 ሄክታር ላይ ለም አፈር በ20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ሲገፈፍ 2,000 ሜትር ኩብ ይወጣል። ይህ ሁሉ የት ይከመራል? ቦታው አስቀድሞ ካልተለየና ለባለይዞታው ገበሬ ካሳ ካልተከፈለ፣ ዶዘሩ አፈሩን ከድንጋይ ጋር ደባልቆ ወደ ዳር ይገፋዋል። አንዴ ከተደባለቀ በኋላ ለይቶ የሚመልሰው የለም። ክምሩም ከ2 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ሲቆለል ከሥር ያለው አፈር አየር ያጣል፣ ሕይወት ያላቸው ነገሮችም ይሞቱበታል።

ሥራውን በሦስት ከፍላችሁ አስገቡ፦ መግፈፍና መከመር በሜትር ኩብ፣ ጉድጓዱን ማስተካከል በካሬ ሜትር፣ አፈሩን መልሶ ማልበስ በሜትር ኩብ። ጨረታው ሲገመገም የመግፈፊያው ዋጋ ተሰቅሎ የማልበሻው ወርዶ ካያችሁ ዝም አትበሉ። ያ ተቋራጭ ገንዘቡን መጀመሪያ ላይ ይሰበስባል፤ በመጨረሻ አፈሩን ለመመለስ የሚያስገድደው ጥቅም አይቀርለትም።

የራሳችሁንም በጀት አስቡ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲጀምር ክረምቱ ገብቷል፤ ጎርፉ የመንገዱን ዳር የሚበላው ያኔ ነው። የነዳጅ፣ የአበልና የውኃ ናሙና ምርመራ ወጪ በዕቅድ ወቅት ካልተያዘ በዚያ ሰዓት ከቢሮ አትወጡም።

በመጨረሻ፣ ግንባታው ሲያልቅ ሥራውን ከተቋራጩ በሚረከበው የጊዜያዊ ርክክብ ኮሚቴ ውስጥ መግባታችሁን አረጋግጡ። ማሽኖቹ ከቦታው ሳይነሱ የማውጫ ቦታዎቹን ዝርዝር ይዛችሁ አንድ በአንድ ሂዱባቸው፤ አፈር ያልለበሰ ካገኛችሁ አትፈርሙ።