የጄምስ ዋትን የእንፋሎት ሞተር ከላሜራና ከወይራ አሳንሶ መሥራት፦ ጥያቄና መልስ

አራት ዓመት የፈጀብኝን ሥራ ፎቶ ካሳየሁ ወዲህ ጥያቄያችሁ በዝቷል። የሠራሁት በእንግሊዝ አገር ሸሪክ የነበሩት ሞተር ሠሪዎቹ ቦልተንና ዋት በ1788 የተከሉትን የእንፋሎት ሞተር ነው። ተገዝቶ የሚገጣጠም አይደለም፤ እያንዳንዱን ክፍል ከጥሬ ዕቃ ቆርጬ፣ ሞርጄ፣ በ1:16 አሳንሼ ነው ያወጣሁት። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ ስንት ማሽን እያለ ለምን ይህን መረጡ?

ሁሉ ነገሩ በግልጽ ስለሚታይ። የዛሬ ሞተር ሽፋን አለው፤ የዚህ ግን አግዳሚው (ከላይ እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ የሚለው)፣ ዘንጎቹ፣ ቫልቮቹ በሙሉ ሜዳ ላይ ናቸው። በርሚንግሃም አጠገብ በሶሆ ፋብሪካ ውስጥ ብረት የሚወለውሉ 43 ማሽኖችን ለ70 ዓመት ያህል አንቀሳቅሷል። አሁን ለንደን በሳይንስ ሙዚየም ቆሟል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሙዚየሙ እስኪዘጋ ከፊቱ አልተነሣሁም።

1:16 ስንል ምን ማለት ነው?

በእውነተኛው ላይ 4 ሜትር የሆነው በሞዴሉ 25 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሁሉንም ለ16 አካፍሎ መሄድ ነው። ከዚህ ቢያንስ ብሎኖቹን በጣቴ መያዝ አልችልም፤ ቢበልጥ ደግሞ ቤት ውስጥ ማስቀመጫ አይገኝለትም።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። የድሮውን ባቡራችንን መሥራት እፈልጋለሁ፤ ፕላን ግን የለኝም። ከምን ልጀምር?

ጎሽ! የአያትህን ፎቶዎች ሰብስብ። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ ልክ 1 ሜትር እንደነበር ካወቅህ ማስመሪያህን አገኘህ ማለት ነው። ባቡሩ ከፊት ለፊት በተነሣበት ፎቶ ላይ ከሐዲድ እስከ ሐዲድ ያለውን ለካ፤ የቀረውን ቁመትና ስፋት በዚያ አስላ። በሰያፍ የተነሣ ፎቶ ግን ያሳስትሃል፤ የራቀው ክፍል አንሶ ስለሚታይ በዚያ አትለካ። መጠኑን 1:22.5 አድርገው። በዚህ መጠን የ1 ሜትር ሐዲድ 44.4 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ 45 ሚሊ ሜትር የሆነ የሞዴል ሐዲድ ደግሞ ተሠርቶ ይሸጣል። ባቡሩን በእጅህ ሥራ፤ ሐዲዱን ግዛ። ከሁሉ በፊት ግን በዚያ ዘመን የሠሩ አዛውንቶችን ፈልገህ አነጋግር። ፎቶ ላይ የማይታየውን፣ የትኛው እጀታ ምን እንደሚከፍት የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

በፎቶው ላይ ቮላኖው (ከባዱ ተሽከርካሪ ጎማ) ኮሎ (ዘንግ የሚያዞር ክርን) የለውም፤ ሁለት ባለ ጥርስ ጎማዎች ብቻ ናቸው የሚታዩት። ረስተውት ነው?

አልረሳሁትም፤ ይህን ስለጠየቅህ ደስ ብሎኛል። በ1780 ጄምስ ፒካርድ የተባለ የበርሚንግሃም ሰው ኮሎን በእንፋሎት ሞተር ላይ የመጠቀም የባለቤትነት መብት ስላወጣ ዋት ሌላ ዘዴ መፈለግ ነበረበት። መፍትሔው ከሠራተኛው ከዊልያም መርዶክ መጣ ይባላል፤ መብቱም በ1781 ወጣ። አንዱ ባለ ጥርስ ጎማ ከቮላኖው ዘንግ ጋር ታስሯል። ሌላው ከአግዳሚው በሚወርደው ቤላ (ረጅም ማያያዣ ዘንግ) ጫፍ ላይ ተቸንክሮ የመጀመሪያውን ይዞረዋል፤ ፀሐይና ፕላኔት የተባሉትም ለዚህ ነው።

ብዙ ሞዴል ሠሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ፕላኔቱን በፒን ላይ ለቀው በራሱ እንዲሽከረከር ያደርጉታል። እንዲያ ከሆነ ቮላኖው ኃይል አያገኝም። ፕላኔቱ ከቤላው ጋር ድርቅ ብሎ መታሰር አለበት። የሁለቱ ጥርስ ቁጥር እኩል ሲሆን አግዳሚው አንዴ ወርዶ ሲወጣ ቮላኖው ሁለት ጊዜ ይዞራል። በእጃችሁ እያዞራችሁ ብትቆጥሩት ታዩታላችሁ፤ እኔ ሁሌም እንግዳ ሲመጣ አስቆጥራለሁ።

ከሁሉ ያስቸገረዎት የቱ ክፍል ነው?

የፒስተኑን ዘንግ ቀጥ አድርገው የሚያስኬዱት ማያያዣዎች። የአግዳሚው ጫፍ በቅስት ነው የሚሄደው፤ የፒስተኑ ዘንግ ግን ቀጥ ብሎ መውጣትና መውረድ አለበት። በቀደሙት ሞተሮች ፒስተኑ ወደ ታች ብቻ ስለሚስብ ሰንሰለት ይበቃ ነበር። ወደ ላይም መግፋት ሲጀምር ሰንሰለት አልሆነም፤ ሰንሰለት ይጎትታል እንጂ አይገፋም። ዋት በ1784 በዘንጎች ብቻ ፈታው፤ በስተርጅናው ለልጁ ሲጽፍ ከሠራው ሁሉ በዚህ እንደሚኮራ ነግሮታል።

እኔ መጀመሪያ ዘንጎቹን አንድ በአንድ ነበር የበሳሁት። የፀጉር ያህል ልዩነት በቃ፤ አግዳሚው ወደ ላይ ወጥቶ ጫፍ ሲደርስ ተያዘ። ስምንቱንም ጣልኳቸው። ሁለተኛ ጊዜ ጥንዶቹን በሞርሳ አንድ ላይ አጥብቄ አንዴ በትራፓኖ በሳኋቸው። ከዚያ ወዲህ አልተያዘም።

ቶርኖ የለኝም፤ ደግሞም ነሐስ ውድ ነው።

መጀመሪያ በካርቶን ሥሪው፤ እኔም እንዲያ ነው የጀመርኩት። ካርቶኑ ከተንቀሳቀሰ ብረቱም ይንቀሳቀሳል። ነሐስ ለማግኘት መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂጂ፤ የተጣለ የቧንቧ ራስ በኪሎ ይገኛል። ክብ ነገር ብቻ ለቶርኖ ቤት ስጪ፤ የቀረውን ሴጌቶና ሞረድ ይሠሩታል። ለአግዳሚው ወይራ ምረጪ። የእንጨቱ መስመር ሰፊ ከሆነ ሞዴሉ ወዲያው ትንሽነቱ ይታወቅበታል።

በእውነተኛ እንፋሎት ይሠራል?

አይሠራም፤ በተጨመቀ አየር ነው የማዞረው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ደኅንነት ነው፤ በስታኞ የተበየደ ቦይለር ውኃው ሲያልቅበት መገጣጠሚያው ይቀልጣል፤ ሊፈነዳም ይችላል። እባካችሁ፣ ቦይለር እቤት አትሞክሩ።

ሁለተኛው ምክንያት የዚህ ሞተር ታሪክ ራሱ ነው፤ ትንሽ ሲሊንደር እንፋሎትን ያባክናል። በ1763 የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ለማስተማሪያ የሚጠቀምበትን የኒውኮመን ሞተር (ከዋት በፊት የነበረው የእንፋሎት ሞተር) ሞዴል እንዲጠግን ለዋት ሰጠው። ሲሊንደሩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ጠገነው፤ ግን ጥቂት ጊዜ ከወጣና ከወረደ በኋላ ይቆማል። በኒውኮመን ሞተር ሲሊንደሩ በእንፋሎት ይሞላል፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ ይረጭበትና እንፋሎቱ ወደ ውኃ ሲመለስ የውጭው አየር ፒስተኑን ይጫነዋል። በየዙሩ ሲሊንደሩ እየቀዘቀዘ እንደገና መሞቅ አለበት። ነገር ሲያንስ ደግሞ ይዘቱ ከግድግዳው ይልቅ ይቀንሳል፦ በ1:16 ግድግዳው 256 ጊዜ፣ ውስጡ ግን 4096 ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ ለያንዳንዱ እፍኝ እንፋሎት የሚደርሰው ቀዝቃዛ ብረት 16 እጥፍ ነው። በትልቁ ሞተር ማንም ልብ ያላለው ብክነት ትንሹን አቆመው። ዋት ይህን ሲመረምር ቆይቶ በ1765 እንፋሎቱ የሚቀዘቅዝበትን ዕቃ ከሲሊንደሩ ለየው። ያን ያሳሰበው ሞዴል ነው፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሞረዴን በደስታ አነሣለሁ።

ብሎኖቹ ለምን አራት ማዕዘን ሆኑ?

የዚያ ዘመን ዳዶ (የብሎን ማጥበቂያ) እንዲያ ስለነበር ነው። ብዙው መገጣጠሚያ ደግሞ በብሎን ሳይሆን በሽብልቅ ነው የሚጠብቀው። ባለ ስድስት ማዕዘን ዳዶ ያያችሁበት የዋት ሞዴል ሠሪው ዋናውን ሄዶ አላየም።

እውነተኛውን የት ማየት እንችላለን?

ለንደን ካላችሁ ሳይንስ ሙዚየም ግቡ፤ መግቢያው ነጻ ነው። የዋት የራሱ የሥራ ክፍል ከነመሣሪያው እዚያው አለ። ዋት የጠገነው ሞዴል ግላስጎው ሀንቴሪያን ሙዚየም ነው። ስትሄዱ ሜትርና ደብተር ያዙ፤ የአግዳሚውን የታችኛውን ጎን የሚያሳይ ጥሩ ፎቶ የለኝምና ካነሣችሁ ላኩልኝ።